ሲስተር፣ ምን ይላል?

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የእድራችንን መዝገብ ላፕቶፔ ላይ ከፍቼ ሳስተካክል መብራት ድርግም አለ። ቂሊንጦ በክረምት መብራት ጠፋ ማለት ወሬ አይሆንም። ችግሩ የኔ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ በቻርጀር ብቻ ነው የሚኖረው። መብራት ሲሄድ እሱም ቀጥ ይላል። ሻማ ለኩሼ እራቴን ቀማምሼ ተኛሁ።

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ በር ተንኳኳ። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው።

«ሲስተር፣ ያቺ ባለ ጉሊቷ እናቷ ዐረፉባት። ቀብር 7 ሰዓት ነው። ሊቀመንበሩ ዝርዝሩን ይዘው ይምጡ ብለዋል» አሉኝ።

ዝርዝሩ ማለት የመዋጮ ዝርዝር ነው። በደንባችን 3 ወር የተወዘፈበት አባል ድንኳንና ወንበር እንጂ ገንዘቡን አያገኝም። ስለዚህ ሐዘን ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው መዝገቡ ነው። መዝገቡ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው እኔ ቤት፣ እኔ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። የወረቀቱን መዝገብ ያስተውኩት እኔው ነኝ፤ ገጹ በእጅ ላብ እየረገበ፣ ስርዝ ድልዙ እየበዛ አስቸግሮን ነበር።

መብራት መጥቷል። ቁልፉን ተጫንኩ። እንደ ወትሮው ምስል ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ፊደል ተደርድሮ ቆመ። አጠፋሁት፤ አበራሁት። ያው ነው። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ።

ለምን እንደተንቀጠቀጠ ልናገር። ባለ ጉሊቷ ከአንድ ወር በፊት ደረጃ ላይ አግኝታኝ የ3 ወር መዋጮዋን 300 ብር በእጄ ሰጥታኛለች። የደረሰኙ ጥራዝ አልቆ ስለነበር «ግድ የለም፣ ኮምፒውተሩ ላይ አሰፍርልሻለሁ» አልኳት። እሷም «እርስዎ ካሉ» ብላ ዘንቢሏን አንሥታ ወጣች። አስፍሬ ነበር? መቀበሌን አስታውሳለሁ፤ ማስፈሬን ግን አላስታውስም። እንዲያው «ከፍላለች» ብል ደግሞ ኮሚቴው ውስጥ የማያምነኝ ሰው አለ። ችግረኛ አባላት ውዝፋቸው ይነሣላቸው እያልኩ ስለምከራከር «ሲስተር አንጀቷ አይችልም» የሚለው ሐሜት ጆሮዬ ደርሷል።

ስልኬን አንሥቼ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ልጅ ጋ ደወልኩ። እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ ያለኝ ሁልጊዜ የሚለውን ነው፦

«ሲስተር፣ ምን ይላል?»

እስቲ ወደ ኋላ ልመለስ።

በ1974 ዓ.ም. በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቄ 38 ዓመት ሠርቻለሁ። 2012 ላይ 60 ሞላኝና ጡረታ ወጣሁ። ስሜን የሚያውቅ ጎረቤት ጥቂት ነው፤ ለትልቅም ለትንሽም ሲስተር ነኝ። ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ነው። አቧራ እንዳይገባው ተብሎ ማንም አይነካውም ነበር። እኛ በትልልቅ መዝገብ ላይ በእጃችን እየጻፍን፣ በወሩ መጨረሻ ጣታችንን እየቆጠርን ሪፖርት እንሠራለን። አሁን የጤና ሪፖርት የሚሰበሰብበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የሚባለው ሥርዓት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር መሆኑን ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ለአገር ሪፖርት የበቃ ነጻ ነገር ለእድር ይበዛበታል እንዴ?

ላፕቶፑን የሰጠችኝ ልጄ ናት። አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ለኔ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ነበረው። አንድ ቀን የእድሩን ማስታወቂያ ላሳትም ፍላሽ ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ ስመለስ ፎልደሮቼ በሙሉ ወደ ቀስት ምልክት ተለውጠው ጠበቁኝ። ፍላሽ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ቫይረሱን ተሸክሞ ይዞራል፤ በሥራዬ ዘመን ስለ መርፌ ስናስተምር የኖርነው ነው እኮ። ያኔ ነው ሦስተኛ ፎቅ ያለው ልጅ የመጣው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ሰፈራችን ስለሆነ ግቢው ውስጥ ከማደር ይልቅ አክስቱ ቤት ተቀምጦ ይማራል። «ሲስተር፣ ሊኑክስ ልጫንልዎት?» አለኝ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

ሊኑክስ ማለት እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው። በአውሮፓውያኑ 1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ጀመረው፤ ውስጡን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ስለለቀቀው በየአገሩ ያሉ ሰዎች እያረሙና እየጨመሩ አሳደጉት። አሁን አንባቢ እጅ ላይ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ሳያውቁት ሊኑክስ ይዘዋል፤ አንድሮይድ የተሠራው በሱ ላይ ነውና። ለኔ የተጫነልኝ ኡቡንቱ የሚባለው ዓይነት ነው፤ 2004 ላይ ያስጀመረው ማርክ ሻትልወርዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ቃሉ የደቡብ አፍሪካ ነው፤ ሰው ሰው የሚሆነው በሰው ነው እንደ ማለት። የእድር ጸሐፊ ይህን ሰምታ እንዴት እምቢ ትላለች።

ገንዘብ አላስከፈለኝም። ነገር ግን ነጻ ነው ማለት ያለ ችግር ነው ማለት አይደለም፤ ይህንን ሳልደብቅ ልናገር። በመጀመሪያው ሳምንት ዋይፋዩ አልሠራ አለ። ካርዱ የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል፤ ድራይቨሩን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ደግሞ በዋይፋይ ነው የሚመጣው። ቁልፉ ውስጥ ተቆልፎበት በር እንደ መክፈት ነው። ልጁ ሳቀና ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ሰካው፤ ስልኩ ላይ ኢንተርኔቱን በዩ ኤስ ቢ እንዲያጋራ አዘዘ፤ በአምስት ደቂቃ ድራይቨሩ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ይህቺን ዘዴ ለስንት ሰው አሳይቻለሁ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ኪቦርዱ ሞተ ብዬ አገር ይያዝልኝ አልኩ። ተርሚናል የሚባል ጥቁር መስኮት አለ፤ ትእዛዝ ተጽፎ የሚሰጥበት። ፓስወርድ ሲጠይቀኝ ብመታ ብመታ ምንም አይታይም፤ ኮከብም ነጥብም የለም። ለካስ ሆን ተብሎ ነው፤ ከኋላ የቆመ ሰው ስንት ፊደል እንደሆነ እንኳ እንዳይቆጥር። ዝም ብሎ ጽፎ ኢንተር መምታት ነው። ይህን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው።

ጋሼ ከቴሌ በቴክኒሻንነት ጡረታ የወጡ፣ ከኛ ሁለት ብሎክ አልፎ የሚኖሩ ሰው ናቸው። የኡቡንቱ ሰዎች በየአገሩ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲ በፖስታ በነጻ የሚልኩበት ዘመን ነበር፤ 2011 ላይ ነው ያቆሙት። ጋሼ በመሥሪያ ቤታቸው ፖስታ ሣጥን ያስመጡትን ሲዲ እስከ ዛሬ ከነልባሱ አስቀምጠውታል። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ቤት ቡና ይፈላል፤ ጋሼ፣ ልጁ፣ ከኮዬ ፈጬ የምትመጣ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪና እኔ እንሰበሰባለን። እያንዳንዱ የተበላሸበትን ይዞ ይመጣል። ማኅበር አይባል፣ ሊቀመንበር የለው። አንዱ ያላወቀውን ሌላው ያውቃል፤ ሁላችንም ካላወቅን ልጁ ማታ ጠይቆ ያድራል።

የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ የፈታልኝ ይኸው ቡና ነው። ደንቡ ከብዙ ዓመት በፊት ጽሕፈት ቤት ተጽፎ በፍላሽ የተቀመጠ ነው። ስከፍተው አማርኛ የለም፤ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የጥያቄ ምልክት፣ የተዘራ ጤፍ ይመስላል። ቫይረስ በላው ብዬ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «አልጠፋም ሲስተር፤ ልብሱን ነው ያወለቀው» አሉ። በድሮው ጊዜ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የኛን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል መቀመጫ ላይ እያስቀመጡ ነበር የሚሠሩት፤ ያ የተጻፈበት ፊደል ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ የሚታየው ከሥር ያለው ላቲን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ሰንጠረዥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። አስተማሪዋ ያንን የቆየ ፊደል ከአንድ ቦታ አፈላልጋ አመጣችልኝ፤ ጫንነውና ደንቡ ተነበበ። ከዚያ እያየሁ 14 ገጹን በአዲሱ ፊደል መልሼ ጻፍኩት። አጻጻፉ እንደሆነ ቀላል ነው፤ ኤስና ኢ ስመታ ሰ፣ ኤልና ኤ ስመታ ላ፣ ኤም ስመታ ም ይመጣል። ሰላም ለማለት አምስት ምት። ጣቴ የለመደው በሁለት ወር ነው፤ ዓይኔ ግን ገና ነው፤ እስከ ዛሬ ኪቦርዱን ካላየሁ አልችልም።

የራሴን ጥፋት ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ ቀን የዲስኩ ቦታ እያለቀ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። የማላውቀውን ሁሉ ላጥፋ ብዬ የተጫኑት ፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ገባሁ። ፓይቶን የሚል አየሁ። ልጄ ጋ ደውዬ «ፓይቶን ምንድን ነው?» ስላት ሥራ ላይ ስለነበረች «ዘንዶ ነው እማዬ» ብላ ዘጋችው። ዘንዶ ቤቴ ምን ይሠራል? አጥፋ አልኩት። እሺ ከማለቱ በፊት አብረው የሚጠፉትን ረዥም ዝርዝር አሳየኝ፤ «እነዚህም ይሄዳሉ፣ ይስማማሉ?» እንደ ማለት ነው። አላነበብኩም። ይስማማል አልኩ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ምስል የለ፣ ማውዝ የለ፣ ጥቁር መስኮት ብቻ። ፓይቶን ለካ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ተደግፈው የሚቆሙበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ልጁ ምንም አላለኝም፤ የጎደለውን ከኢንተርኔት እየጠራ ሦስት ሰዓት ፈጅቶ መለሰልኝ። ፋይሎቼ አልተነኩም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስንት እናት ናት ከጎረቤት የተዋሰችውን ክኒን ለልጇ ሰጥታ እየሮጠች ስትመጣ «ሳታነቢ? ሳትጠይቂ?» ብዬ የጮህኩባት!

አሁን ወደዚያ ጠዋት።

«ሲስተር፣ ምን ይላል?» አለ ልጁ በስልክ። ለፈተና ጓደኛው ዘንድ ገላን አድሯል።

«አልሠራ አለ እኮ ነው የምልህ! አለቀልኝ!»

«እሺ። ግን ምን ይላል? የመጨረሻዎቹን መስመሮች ያንብቡልኝ።»

ይህ ጥያቄው ቶሎ ያናድደኛል። ያናደደኝ ለምን እንደሆነ ግን አውቀዋለሁ። ተመላላሽ ክፍል በነበርኩበት ጊዜ በቀን ስንት ሰው «ምንሽን አመመሽ?» ስለው «መላ ሰውነቴን» ይለኝ ነበር። መቼ ጀመረ? የት ጋ? ምን በልተሽ ነበር? ከዚህ በፊት ይዞሽ ያውቃል? ምን መድኃኒት ወሰድሽ? እነዚህን ካልጠየቅሁ መርፌ ይዤ ብቆም ምን ዋጋ አለው። ታማሚዋ ደግሞ የምትፈልገው መርፌውን ነው፤ ጥያቄው የማያምናት ይመስላታል። እነሆ በ65 ዓመቴ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ሆንኩ፤ «መላ ሰውነቴን» እያልኩ።

መነጽሬን አደረግሁና ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመርኩ። አንድ መስመር በትልልቅ ፊደል ያልተጠበቀ አለመጣጣም ተገኝቷል፣ ኤፍ ኤስ ሲ ኬን በእጅ አስኪዱ የሚል ነው። ከሥሩ በቅንፍ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል ቃል ብልጭ ድርግም የሚል ምልክት ይዞ ይጠብቃል።

«ደግ» አለ ልጁ፤ ድምፁ ነቃ። «ከመጥፋቱ በፊት ምን ሲሠሩ ነበር?»

«የእድሩን መዝገብ ከፍቼ።»

«መብራት ነው የሄደው?»

«አዎ።»

ነገሩ እንዲህ ነው አለኝ። ኮምፒውተሩ ዲስኩ ላይ የሚጽፈው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ፋይሉን አንድ ቦታ፣ የፋይሉን አድራሻ ሌላ ቦታ ይጽፋል። መሐል ላይ መብራት ሲሄድ ማውጫውና ገጹ አይስማሙም። ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያስታርቃል፤ አንዳንዴ ግን ሳይጠይቅ መንካት ፈርቶ ይቆምና ባለቤቱን ይጠብቃል። እና የቆመው ተበላሽቶ ሳይሆን ተጠንቅቆ ነው። ይህን ስሰማ ትንፋሼ ተመለሰ።

«ትእዛዙን ልንገርዎት፤ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ መጠገኑ ሊያብሰው ይችላል፤ ያኔ መጀመሪያ መገልበጥ ነው። ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማዎታል?»

ጆሮዬን ኪቦርዱ ላይ ደፋሁ። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ምንም አይለይም። ከዚያ ትዝ አለኝ። የጎረቤቶቼን ደም ግፊት የምለካበት ማዳመጫ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አወረድኩት፤ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጫፉን ከኪቦርዱ ጎን አስቀመጥኩ። የሚሽከረከር ነገር አለ፤ ለስላሳ፣ ያልተቆራረጠ፣ አልፎ አልፎ ጭር የሚል።

«ቀጭ የሚል የለም። ወጥ ነው» አልኩት።

«በምን ሰሙት?»

«በማዳመጫ።»

ዝም አለ። ሳቁን እየዋጠ እንደሆነ አውቄያለሁ።

ከዚያ ነገረኝ፤ ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ። ባዶ ቦታ። ሰረዝ፣ ዋይ። ባዶ ቦታ። ያጋደለ መስመር፣ ዲ፣ ኢ፣ ቪ፣ ያጋደለ መስመር፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤ፣ 2። የመጨረሻውን ስምና ቁጥር ከራሴ ስክሪን እንዳነብለት ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፤ የያንዳንዱ ኮምፒውተር ስለሚለያይ ከሌላ ሰው መገልበጥ አይቻልም አለ። ዋይዋ ለሚመጣው ጥያቄ ሁሉ «እሺ» የምትል ናት። ከመምታቴ በፊት የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩለት። የሐኪም ትእዛዝ በስልክ ስንቀበልም እንዲሁ መልሰን እናነብ ነበር። ኢንተር።

መስመሩ ሮጠ። ቁጥር ይወርዳል፣ ጥያቄ ይወርዳል፣ ዬስ ዬስ ይላል። መጨረሻ ላይ በኮከቦች መሐል ፋይል ሲስተሙ ተለውጧል የሚል ጽሑፍ መጣ። «ተለውጧል ይላል!» ብዬ ጮህኩ። «ይኼ ጥሩ ነው፤ ታረመ ማለት ነው። አሁን ሪቡት ብለው ይጻፉ» አለኝ።

የኡቡንቱ ምልክት ስክሪኑ ላይ ሲታይ እጄ አገጬ ላይ ነበር።

መዝገቡን ስከፍት ሌላ ጉድ። ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል አለኝ። ማነው የያዘው ብዬ ሳይ የተጻፈው ስም የኔው ነው! መብራት ሲሄድ ሊብሬ ኦፊስ «ባለቤቷ ይዛዋለች» ብሎ ያኖረው መቆለፊያ ሳይነሣ ስለቀረ ነው። ይህንኛውን ለብቻዬ ፈታሁት፤ ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜ አስተማሪዋ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ። ክፈት አልኩት፤ ተከፈተ። ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ቅጂም ስላለ የዚያ ምሽቱ ሥራዬ አንድ ሁለት መስመር ቢጎድል ነው።

የባለ ጉሊቷን መስመር ፈለግሁ። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ። ሦስቱም ባዶ።

መጀመሪያ ያልኩት ምን መሰላችሁ? «በላው!» ነው ያልኩት። መብራቱ በላው፤ ያ ኤፍ ኤስ ሲ ኬ በላው። ልጁ ገና ስልኩን አልዘጋም። «ሲስተር፣ መቼ ነበር ያስገቡት?» አለ። «ከአንድ ወር በፊት።» «ከዚያ ወዲህ ፋይሉን ስንት ጊዜ አስቀምጠዋል?» «በየሳምንቱ።» ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ትናንት ማታ የሄደ መብራት የወር ያህል የቆየን ጽሑፍ ከመሐል ለይቶ አይበላም፤ ከላይና ከታች ያሉት ጎረቤቶቿ ሙሉ ሆነው የሷ ብቻ አይጠፋም። አላሰፈርኩትም። ያን ቀን ደረጃውን ወጥቼ ድስት ጥጄ ነበር።

ላፕቶፑን በነጠላዬ ሸፍኜ በዝናቡ ወደ ሊቀመንበራችን ቤት ወረድኩ። ኮሚቴው ተሰብስቧል። መዝገቡን ከፈትኩና ባዶውን አሳየኋቸው፤ ከዚያ 300 ብሩን ከእጇ መቀበሌን፣ ደረሰኝ አለመስጠቴን፣ ማስፈር መርሳቴን ተናገርኩ። አንዱ አባል ጣሪያውን አየ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ሊቀመንበራችን «ሲስተር፣ እንግዲህ ማስረጃ...» ብለው ሳይጨርሱ ገንዘብ ያዣችን የራሷን ደብተር ከቦርሳዋ ስትጎትት አየሁ። የሰኔን ሒሳብ ስንዘጋ ከዝርዝሩ በላይ 300 ብር ተርፎ ግራ ተጋብተን ነበር። «ባለቤቱ ያልታወቀ» ብላ በቀይ ጽፋዋለች። እኔው ከሌሎች መዋጮ ጋር ጠቅልዬ ያስረከብኳት ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ እኔም ነበርኩ፤ «የመደመር ስሕተት ይሆናል» ያልኩትም እኔ ነበርኩ።

ክፍያው ተፈቀደ። ሳጥኑ ተገዛ፤ ቀብሩ በሰዓቱ ሆነ።

ከሠልስት በኋላ ሄጄ ለባለ ጉሊቷ ሁሉንም ነገርኳት። እናቷን ቀብራ ሦስት ቀን ያልሞላት ሴት ይቅርታ መጠየቅ ለሷ ሌላ ሸክም እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው። «እኔ እኮ ያን ቀን ደረሰኝ ልጠይቅ ብዬ አፍሬ ነው የተውኩት» አለችኝ። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። 38 ዓመት ሙሉ ሰው እኔን መጠየቅ እንዳያፍር ስል ኖሬ!

ሊቀመንበራችን ወደ ወረቀት እንመለስ አሉ፤ አልተከራከርኳቸውም። አሁን ሁለቱም አለ። ደረሰኝ በካርቦን ይቆረጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ላፕቶፑ ይገባል፤ ገንዘብ ያዣችን አጠገቤ ተቀምጣ ድምሩን ከደብተሯ ጋር ታመሳክራለች። መዝገቡ በሁለት ፍላሽ ይገለበጣል፤ አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ እሷ ዘንድ። ልጁ ደግሞ ለላፕቶፑ ያገለገለ ባትሪ አፈላልጎ አመጣልኝ፤ 40 ደቂቃ ያህል ይይዛል። ለእድር ጸሐፊ 40 ደቂቃ ብዙ ነው፤ አስቀምጦ ለመዝጋት አንዱ ይበቃል።

የቅዳሜው ቡናም ሰው በዝቶበታል። ባለፈው ጥቅምት 4 ቀን፣ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ቆሟል፤ ወደ 11 መሸጋገር የማይችሉ አሮጌ ላፕቶፖች ባለቤቶቻቸውን አስጨንቀዋል። ልጁ ሊመረቅ ነው፤ ሥራ የት እንደሚያገኝ አይታወቅም። ባለፈው ጊዜ ከጎሮ አንዲት እናት ታቅፋ ያመጣችውን ላፕቶፕ ጋሼና እኔ ብቻችንን ጫንነው። ድምፁ አልወጣ ብሎን ከሰዓቱን በሙሉ ፈተሽነው፤ መጨረሻ ላይ ኪቦርዱ ላይ የድምፅ ማጥፊያዋ ቁልፍ ተነክታ ኖሯል። ጋሼ ይህን ለልጁ እንዳልነግረው አስምለውኛል፤ ለጋዜጣ እንዳልጽፈው ግን አላሉም።

ያ ሁለተኛው ፍላሽ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ከገንዘብ ያዣችን ቀሚስ ኪስ ውስጥ ሆኖ በኦሞ ታጥቧል። ቶሎ ሰክታ ልታየው ስትል ደውዬ ከለከልኳት። አሁን በረንዳዬ ላይ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ቅዳሜ ሁላችንም ባለንበት እንሰካዋለን።